ተናኘ ያስመረጠችው ፕሬዚዳንት

ተናኘ በዋይትሆርን ሰፈር በሁለት ነገር ትታወቃለች። ስልክ ካነሳች ቶሎ አትዘጋም፤ አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ ጨርሶ አትለቅም። የወሎ ተወላጆች እድር ፕሬዚዳንቱን ያገኘው በእነዚህ ሁለት ጠባዮቿ ነው። እድር የምን ፕሬዚዳንት ነው የሚል አይጠፋም። ምን ይደረግ፣ አገሩ ካናዳ ነው፤ ማኅበሩ ሲመዘገብ ቅጹ ላይ "ፕሬዚዳንት" የሚል ባዶ ቦታ ነበረና ሊቀመንበሩ በዚያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቀረ።

ምርጫው የተካሄደው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እድሩን ለዐሥራ አንድ ዓመት የመሩት ጋሼ ሱለይማን ነበሩ። የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ደግ ናቸው፤ የስምንት ሰዓቱን ስብሰባ በዐሥር ሰዓት ይጀምራሉ። ተናኘ በአረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ የደቂቃን ዋጋ ታውቃለች፤ ስብሰባ እስኪጀመር ቁጭ ብላ የሰው ኮት ስታይ አንጀቷ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ክብረት የሚባል የደሴ ልጅ፣ አርባ ያልሞላው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ "እድራችን ይዘምን" ብሎ ሲነሳ ስልኳን አነሳች። ሺፍቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እየደወለች በሦስት ቀን ሠላሳ አንድ ሰው አሳመነች። ከሠላሳ አንዱ ያስቸገረቻት ዙበይዳ ብቻ ናት።

ዙበይዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ዶቨር የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው። ተናኘ ጴንጤ፣ ዙበይዳ ሙስሊም ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሲዋደዱ አንዷ ሌላዋን ልትለውጥ ሞክራ አታውቅም። ይህ ለተናኘ ቀላል አልነበረም።

"ለኔ ጋሼ ሱለይማን ይበቁኛል" አለች ዙበይዳ ያን ጊዜ። "ሰውዬው ቢያረፍዱም ሐዘን ቤት መቀመጥ ያውቁበታል።"

"ለኔ ስትይ" አለቻት ተናኘ።

ለኔ ስትይ ከተባለ ወዲያ ምን ክርክር አለ? ዙበይዳ በምርጫው ቀን እጇን አወጣች።

ክብረትን ማማት ቀላል ነው፤ ግን ሰውዬው ሠርቷል። ስብሰባ በሰዓቱ ተጀመረ። ንጹሕ አዳራሽ ተገኘ። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚወስድ ሰው በተራ ተመደበ። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ ደንብም ወጣ። ማንኛውም ሞት፣ እዚህም ይሁን አገር ቤት፣ እንደተሰማ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፤ ሁሉም እኩል ይስማ። ደንቡ ሲነበብ ተናኘ አጨብጭባለች። ያጨበጨበችለትን ነገር ልብ ብላ አልሰማችውም፤ ስብሰባው በአንድ ሰዓት ማለቁ ነበር ደስ ያላት።

ባለፈው ጥቅምት የዙበይዳ እናት ኮምቦልቻ ላይ ሞቱ።

እንዲህ ሲሆን ወጉ የታወቀ ነው። አገር ቤት ያሉት ለልጅቱ አይደውሉም፤ ለእድሩ ሰዎች ነው የሚደውሉት። የእድሩ ሰዎች ሺፍቷን አጣርተው፣ ኦፍ በሆነችበት፣ ሥራ በማትገባበት ቀን በማለዳ ሦስት አራት ሆነው በሯን ያንኳኳሉ። አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ይይዟታል። መርዶን ሰው ብቻውን አይቀበልም።

የዚያን ቀን ከኮምቦልቻ የተደወለው ለክብረት ነበር። ክብረት ለዙበይዳ አንድ ጊዜ ደወለላት፤ ሥራ ላይ ነበረችና አላነሳችም። ከዚያ ደንቡ እንደሚለው ለጠፈው። ዙበይዳ በምትሠራበት ግሮሰሪ ሙዝ እየደረደረች ነበር። ስልኳ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ የነገ ሺፍቷ የተቀየረ መስሏት አየችው። የእናቷ ሙሉ ስም፣ ከሥሩም የሻማ ሥዕል። አንብባ ሳትጨርስ ዐሥራ አራት ሰው የሚያለቅስ ፊት ለጥፎበት ነበር።

በማግስቱ "ከእድሩ ወጥቻለሁ" ብላ ጽፋ ከግሩፑ ወጣች። ተናኘ ለለቅሶ ስትሄድ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ጨበጠቻት፤ ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳችላትም። ተናኘ ሦስት ወር ሙሉ ደወለች። የሃያ ዓመት ወዳጅ ድምፅ ሳይሰሙ መዋል ያማል፤ እሷንም አሟታል። ደግሞስ እድር የሌለው ሰው በዚህ ብርድ አገር ቢታመም ማን ይጠይቀዋል፣ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ዙበይዳን ሳልመልስ አላርፍም አለች።

ጥር ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ክብረትም ለሁለተኛ ዙር ሊቀርብ ሲል፣ ተናኘ አንድ ሐሙስ ጠዋት በረዶውን እየረገጠች ዶቨር ሄደች። ዙበይዳ በሩን ከፍታ አየቻትና መንገድ ለቀቀችላት።

"ተሳስቻለሁ" አለች ተናኘ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"በምኑ?"

"ክብረትን በማስመረጤ።"

"በክብረትስ አልተናደድኩም" አለች ዙበይዳ። "ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ይመስለዋል። አንቺ ግን ስንት ቤት መርዶ ልናረዳ አብረን ሄደናል። ሰው ሲወድቅ እንዴት እንደሚያዝ ታውቂያለሽ። እያወቅሽ ነው እጄን ያስወጣሽኝ፣ ለደንቡም ያጨበጨብሽው።"

"ይቅር በይኝ።"

"እዚህ ሶፋ ላይ ምን ያደርግልኛል? ስታስመርጪው ለሠላሳ አንድ ሰው ደወልሽ፤ ስትጸጸቺ ለኔ ብቻ ነው? ሰው ፊት በይው፤ ያን ጊዜ እናወራለን።"

"እላለሁ" አለች ተናኘ። "እሑድ ሳምንት ስምንት ሰዓት መጥተሽ ስሚ።"

ማለቱ ቀላል ነው። ክብረት እኮ ለተናኘ እንደ ልጇ ነው። አምና መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራታ ስትሰበር አንድ ወር ሙሉ ሥራ ያደረሳት እሱ ነው። በሰው ፊት ልታዋርደው? ቤቷ ስትገባ ልጇ ምሥራች ነገሩን ሰምታ፣ "ማም፣ ላይክ፣ ሶሪ ብለሽ ቴክስት አታደርጊላትም?" አለቻት።

"በቴክስት የመጣ ሐዘን በቴክስት አይሄድም" አለቻት ተናኘ፤ ስልኳንም አነሳች።

ከዙበይዳ በቀር ለሠላሳዎቹም አንድ በአንድ ደወለች። "ክብረትን እንድትመርጥ ለምኜህ ነበር፤ እኔ ተጸጽቻለሁ፤ አንተስ?" አንዱ፣ ምን ይጸጽተኛል፣ ስብሰባ በሰዓቱ ያልቃል፣ ሌላ ምን ልፈልግ አላት። አንዷ፣ እኔ እጄን ያወጣሁት የክብረት አማት አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ነው አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ እኔ ለመናገር ነበር እጄን ያወጣሁት፣ ዝም ብለው ቆጠሩኝ አሏት። ከሁሉ ያናደዷት ግን ልባቸው እያወቀ "ትክክል ነበርን" የሚሉት ናቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ተናኘ ማንንም ይህን ምረጥ ያን ጣል አላለችም። እሑድ ቆሜ እናገራለሁ፣ እንዳትደነግጡ፣ ብቻ ብላ ዘጋች።

እሑድ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር አጠገብ ያለው አዳራሽ ሞላ። ስምንት ሰዓት ሲል፣ ለክብረት ምስጋና ይግባውና፣ ስብሰባው ተጀመረ። ዙበይዳ መጥታለች፤ ግን በሩ ሥር፣ ኮት የተሰቀለበት ጋ ቆማ ቀረች። ክብረት ሪፖርቱን ጨርሶ አስተያየት ካለ ሲል ተናኘ ተነሳች። የፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

"ክብረት፣ ልጄ፣ ሁለት ዓመት ደክመህልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እዚህ ካላችሁት ሠላሳ አንዳችሁን ለምኜ ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። ተጸጽቻለሁ። ያ ደንብ ሲወጣ አጨብጭቤያለሁ። መርዶ ሰው ቤት ተሂዶ ነው የሚነገረው፤ እኛ ለጠፍነው። በዙበይዳ ላይ የደረሰው በኔ እጅ የደረሰ ነው። ዛሬ እጄን ለአንተ አላወጣም።"

ክብረት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እትዬ ተናኘ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ መቼ ነው የነገራችሁኝ?"

"በሦስተኛው ሳምንት" አለች።

"መጀመሪያ ኢንተርቪው አለው አላችሁ። ከዚያ ሚስቱ ልትወልድ ነው አላችሁ። ከዚያ ቅዳሜ ይሁን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደሴ ስደውል 'ተኝቷል' ይሉኝ ነበር። በመሐል ጫማ ገዝቼ ላኩለት። ጫማውን የሚወስድ መንገደኛ የፈለጉልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ያንን ደንብ ያወጣሁት ማንም ሰው እንደኔ እንዳይሞኝ ነው።"

ተናኘ ጫማውን ረስታው ነበር። አሁን ግን ካርቶኑ ሳይቀር ታያት፤ ቡናማ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ አርባ ሁለት ቁጥር። የሞተ ሰው ጫማ ተቀብላ "እንዴት ያምራል" ብላለች። መቀመጥ አማራት፤ አልተቀመጠችም።

"እውነቱን ነው" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ሦስት ሳምንት ያሞኘነው እኛ ነን። እስከ ዛሬ ማናችንም ይቅርታ አልጠየቅነውም። እኔ አሁን እጠይቃለሁ። ግን ክብረት፣ ማዘግየትን ስትሸሽ መወርወር ላይ ወደቅህ። ወሬው በመጣበት ቀን መሄድ ይቻላል። ሺፍት አለብን አትበሉኝ፤ ሰባ ሰው ነን፣ በየትኛውም ሰዓት ሦስታችን ኦፍ ነን። ጠዋቱ የኔ ነው፤ ጻፉኝ።"

"ቢያንስ እውነቱን በሰዓቱ ሰምታለች" አለ ክብረት፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ክብረት" አለች ዙበይዳ ከኮቶቹ ጋ። ሰው ሁሉ ዞረ። "በመጨረሻ ሲነግሩህ ማን ያዘህ?"

ክብረት ወደ ተናኘ ዞረ።

"እትዬ ተናኘ" አለ።

"እኔ የወደቅሁት ሙዝ ካርቶን ላይ ነው። ያነሳኝ ማኔጀሩ ነው። ስሜን አያውቀውም፤ ደረቴ ላይ ካለው አንብቦ ነው የጠራኝ።"

ክብረት መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

"እትዬ ዙበይዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ደንቡ ይሻር። የሚቃወም አለ?"

አልነበረም። ከዚያ ምርጫው ተደረገ። ከክብረት ሌላ ተወዳዳሪ ስላልቀረበ ጥያቄው ይቀጥል ወይስ አይቀጥል ብቻ ነበር። ብዙ እጅ ለእሱ ወጣ፤ ወንበሩም ጸና። "አይቀጥል የሚል" ሲባል ጥቂት እጆች ወጡ፤ ተናኘም እጇን አወጣች። ደንቡ እንደሆነ ተሽሯል፣ ልጁም ይቅርታ ጠይቋል፣ ብትተወው ማንም አይቀየማትም ነበር። ግን ያን ጊዜ በሰው እጅ መርጣለች፤ ዛሬ በራሷ እጅ መቆጠር ፈለገች። ዓይኑን እያየች እጇን ሳታወርድ ቆየች። ክብረትም ዓይኑን ሳይነቅል እጇን ቆጠረው። "ዐሥራ ዘጠኝ" አለ፣ ጻፈውም።

ጋሼ ሱለይማን ወንበር ስበው ከፊት ተቀመጡና የመርዶ ተረኞችን ስም በወረቀት መጻፍ ጀመሩ። "ጠዋት፣ ተናኘ" አሉ ጮክ ብለው። "ከሰዓት፣ እኔ። አላረፍድም፣ አትሳቁ። ሥራ ከተወጣ በኋላ፣ ክብረት። ሌላስ?"

ዙበይዳ በወንበሮቹ መሐል አልፋ መጣችና ተናኘ አጠገብ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔንም ይጻፉኝ።"

"አንቺ ወጥተሽ የለም እንዴ ልጄ?"

"ይጻፉኝ" አለች። "ሰው መያዝ እችላለሁ።"