ዝናሽ ያሳረደችው ሰንጋ

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሐምሌ አምስት ቀን፣ የሰኔ ጾም በሚፈታበት ጠዋት፣ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ነው የተፈጸመው። ለሌላ ሰው ሲያወሩት ትንሽ ነገር ነው። አንድ በሬ ታርዶ ተቀበረ፣ አንዲት ሉካንዳ ታሸገች፣ በቃ። እኔን ግን አልተወኝም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የከፈለችው ደግሞ ሌላ ሰው ናት። አሁንም እንጀራዬን የምበላው በዚያው ሥራ ስለሆነ ስሜን አልጽፍም።

ሥራዬ ሥጋ መመርመር ነው። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ገበሬው ግን መርፌ የያዘውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እኔም ዶክተር ነኝ። ቄራ የታረደውን ከብት ሳንባና ጉበቱን አያለሁ፣ ንፍፊቱን በቢላ እከፍታለሁ፣ ጤነኛ ከሆነ ማኅተም እመታበታለሁ። ከቄራ ውጭ የታረደ፣ ማኅተም የሌለው ሥጋ ሉካንዳ ውስጥ ከተገኘ ይቀበራል። መመሪያው ለሰው ጤና ተብሎ የወጣ ነው፤ ጥቅሙን አልክድም። ሰው ሊበላው የማይገባ ስንት ሥጋ በእጄ ጥያለሁ።

ዝናሽን ያወቅኋት የላስቲክ ፋይል ይዛ ቢሯችን ስትመላለስ ነው። የገሳይ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። እንስሳት እርባታ ተምራ ተመርቃለች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ስታጣ «የተማርኩትን ለምን ራሴ አልሠራውም» ብላ ተነሣች። ሐሳቧ ከአባቷ ጋር ከብት እያደለበች፣ የደለበውን ለነጋዴ ከመስጠት ራሷ ከተማ ላይ ሉካንዳ ከፍታ መሸጥ ነበር። ሴት ልጅ ሉካንዳ ትከፍታለች ሲባል ብዙ ሰው ሳቀ። እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም።

በረቱ ከመኖሪያ ቤት ይራቅ ተባለች። አባቷ አቶ ደምሌ ድንች የሚተክሉበትን ማሳ ለቀቁላት። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ተባለች፤ አደረገች። የሉካንዳው ግድግዳ ነጭ ሴራሚክ ይልበስ ተባለች፤ አለበሰች። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ መጥቶ «ይኼማ ክሬም ነው እንጂ ነጭ አይደለም» ብሎ መለሳት። አስነቅላ እንደገና አስለጠፈች። የእጅ መታጠቢያ፣ ነጭ ጋውን፣ የጤና ምርመራ ወረቀት እያለች አንድ ዓመት ሙሉ ስትሮጥ ከረመች። ብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ የእኔ ፊርማ አለ።

የመጀመሪያውን ሰንጋዋን የምታርደው ለሐምሌ አምስት ሆነ። ከወይፈንነቱ ጀምራ ድርቆሽና ፋጉሎ እያበላች ያሳደገችው ነው። አዲስ በመሆኗ የቄራው ተራ የደረሳት መጨረሻ ላይ ነበር፤ የጾሙ መፍቻ ዕለት ንጋት ላይ። ነባሮቹ ሉካንዳዎች በዋዜማው ጠዋት አርደው ሥጋቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የቄራው የውሃ ፓምፕ ተቃጠለ። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ቄራው ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ኃላፊያችን «እስኪጠገን እርድ ተከልክሏል» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ።

አመሻሽ ላይ ዝናሽ ደወለችልኝ።

«ዶክተር፣ ቄራው ተዘጋ አሉኝ። ሰንጋው ከገሳይ መጥቶ አክስቴ ግቢ ታስሯል። ደንበኛ ሁሉ ለጠዋት ነግሮኛል። ምን ይሻለኛል?»

ሄድኩ። ሰንጋውን ሙቀቱን ለካሁ፣ አፉንና ዓይኑን አየሁ፣ አስነድቼ አረማመዱን አየሁ። ምንም የለበትም። የአክስቷ ግቢ ሲሚንቶ ነው፣ የቧንቧ ውሃ አለው፣ እውነቱን ለመናገር ከቄራችን ይልቅ ንጹሕ ነበር። ከዚህ በፊት ለትልልቆቹ ሥጋ ቤቶች በችግር ቀን እንዲህ እንደምናደርግ ስለማውቅ ለሷ መከልከሉን አፈርኩበት።

«ሲነጋጋ አራጁ ይረድልሽ» አልኳት። «ሥጋውን መጥቼ አየዋለሁ። ማኅተሙን ከቢሮ አምጥቼ እመታልሻለሁ። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።»

«እርስዎ ካሉ እሺ» አለች።

ጠዋት ማልጄ አክስቷ ግቢ ደረስኩ። ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ልቡን፣ ንፍፊቱን አንድ በአንድ አየሁ። እንዲያ ያለ ጤነኛ ሥጋ በዓመት ስንቴ ይገኛል? «ወስደሽ ስቀይው፤ ማኅተሙን ይዤ መጣሁ» ብያት ወደ ቢሮ ሄድኩ። ማኅተሙ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ሞተሯ የተነሣ ፒካፕ መኪና ቆማ፣ ውስጧ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የንግድ ቢሮ ሠራተኛ ተቀምጠዋል።

«ጥሩ መጣህ፣ ግባ» አለኝ። «አንዲት ሉካንዳ ያለ ቄራ አርዳ ሰቅላለች ተብሎ ተጠቁሟል። ባለሙያ ያስፈልገናል።»

ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መኪናው ውስጥ ገባሁ። መንገዱ አጭር ነው። «አደባባዩ ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ» አልኩ በልቤ። አደባባዩን አለፍን። «ስንወርድ እነግረዋለሁ» አልኩ። ወረድን።

ዝናሽ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ነበር። ደጃፉ ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። አባቷ አቶ ደምሌ የልጃቸውን የመጀመሪያ ቀን ለማየት ከገሳይ በሌሊት ተነሥተው መጥተው፣ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

ኃላፊው ሥጋውን ዞሮ አየና «ማኅተሙ የታለ?» አላት።

የጋውኗን እጅጌ ጎተት አደረገች።

«የት ነው የታረደው?»

«አክስቴ ግቢ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ለአፍታ ብቻ ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሁለት ልጆቼ ነገር፣ የቤት ኪራዩ፣ ከሥራ መታገዱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ መጣ።

«ማንም አልፈቀደልኝ» አለች ዝናሽ። «ራሴ ነኝ።»

ሥጋውን አውርደው ፒካፑ ላይ ጫኑት። አቶ ደምሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ መጡ።

«ዶክተር፣ ምን በሽታ ተገኘበት?»

«ምንም አልተገኘበትም፣ አባቴ።»

«ታዲያ የት ሊወስዱት ነው?»

«ሊቀበር ነው። ሕጉ ነው።»

ያልሰሙኝ መሰለኝ። ጠጋ ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ እኔም ደግሜ ያንኑ መለስኩላቸው። «ሕዝብ ጾሞ ውሎ አድሮ፣ ጤነኛ ሥጋ አፈር ይብላው?» አሉና ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ከከተማው ዳር ጉድጓድ ተቆፈረ። ሥጋው ገባ፣ ነጭ ጋዝ ተርከፈከፈበት፣ አፈር ተመለሰበት። «ለምግብነት የማይውል» የሚለው ቅጽ ላይ ባለሙያ መፈረም አለበት። ፈረምኩ። ሉካንዳውም በዚያው ቀን ታሸገ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሰፈራችን ውስጥ ጎረቤቶቼ ቅርጫ ይከፋፈላሉ። ጭቃው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዝጉዘው ነው ያረዱት። የመረመረው የለም፣ የጠየቃቸውም የለም። ዝናሽም ያንን ሰንጋ ለአሥር ሰው በቅርጫ ብታከፋፍለው ኖሮ ማንም ደጇን አይረግጥም ነበር። ሕጉን አክብራ ሉካንዳ በመክፈቷ ነው ሕግ የደረሰባት። የእኔም ድርሻ በሰፌድ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ ጠበሰችው። በላሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በየቀኑ ዛሬ ለኃላፊው እነግረዋለሁ እያልኩ አንድ ወር ተኩል አለፈ። በመጨረሻ እሱ ጋ መግባቱ ሲያቅተኝ ለሷ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ገሳይ ወረድኩ። በረቱ ባዶ ነበር። የቀሩትን ሁለት ከብቶች ከብት እየጫነ ለሚወስድ ነጋዴ ሰጥታቸዋለች። አቶ ደምሌ ከሩቅ አይተውኝ ወደ ቤት ገቡ። ዝናሽ ግን ወጥታ ሰላም አለችኝ። ይግቡ አላለችኝም።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «እሱ ነው የፈቀደልኝ ብትዪ ኖሮ እኮ…»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለች። «ደግሞም እዚያው ሰው ፊት ከማዋርድዎት ብዬ ነው። ሰው ሲሄድ፣ ለብቻዎ ሆነው ለኃላፊው ይነግሩልኛል አልኩ። ሉካንዳው ይከፈታል ብዬ ከብቶቹን እንኳ አልሸጥኩም ነበር። አንድ ወር ጠበቅሁዎት።»

ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ይቅርታ ብዬ ይሁን ሳልል ይሁን የተመለስኩት ዛሬ በትክክል አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ዝናሽ ባሕር ዳር ሄዳ የሰው ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነች ሲሉ ሰማሁ።

እኔ እዚያው ነኝ። የደረጃ ዕድገትም አግኝቻለሁ። አሁንም የተመረቁ ልጆች ፋይላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም የሚያሟሉትን ዝርዝር እሰጣቸዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ከእስቴ የመጣች ልጅ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበበችና ቀና አለች።

«ይኼን ሁሉ ካሟላሁ ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረኝ የለም፣ አይደል?»

«የለም» አልኳት።