የይርጋ ቀኝ እጅና የገዛኸኝ መኪና

ይርጋ ቆቦ ላይ ሃያ ዓመት ሞተር ሲፈታ ፍርድ ስጥ ተብሎ አያውቅም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ሽማግሌዎች ጋራዡ ድረስ መጥተው ጎማ ላይ ተቀመጡ።

ጠቡ የመኪና ነው። ሙሀመድሰይድ የተባለ የሽንኩርት ነጋዴ ከመኪና ነጋዴው ከገዛኸኝ ባለሁለት በር የጀርመን መኪና ገዛ፤ «የአውሮፓው ነው፣ ይበራል» ተብሎ። ሮቢት መንገድ ላይ በዚያው ዓይነት መኪና ተቀደመ። «የአሜሪካውን ነው የሸጥክልኝ» አለ። ገዛኸኝ ካደ። ዘመድ ከዘመድ ተታኮሱ፤ የሙሀመድሰይድ ወንድም ትከሻውን ተመታ።

በማለዳ ገዛኸኝ ወደ ይርጋ መጥቶ ነበር። ቀኝ እጁን ጨብጦ፣ ሳይለቅ፣ «ወንድሜ፣ አሜሪካ ካልክ በዚህች እጅ ዳግም መፍቻ አትይዝም» አለው። ቤቱን የምታበላው ያቺው እጅ ናት።

ሽማግሌዎቹ የሁለቱን ወገን ጠመንጃ ሁሉ በር ላይ አስቀመጡ። የገቡበት ጋራዥ መሆኑን ግን ረሱት።

ይርጋ የተሸጠውን መኪና ሞተር ፊታቸው ፈትቶ አንድ ፒስተን አወጣ። ከተጋጨ መኪና ያስቀረውን የአውሮፓ ፒስተን አጠገቡ አቆመ።

«ፋብሪካው አንድ ነው፤ ሞተሩም አንድ። ለአውሮፓ የሚሠራው አናቱ ጥቂት ብቻ ስለሚጎደጉድ አጥብቆ ይጨምቃል፤ ጉልበቱ እሱ ነው። የአሜሪካው አናቱ እንደ ጣባ ጠልቆ ይጎደጉዳል። ልል ነው፤ ግን መናኛ ቤንዚን ይችላል።»

«ታዲያ ለእኛ ቆላ ልሉ አይሻልም?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ወልደ ገብርኤል። ሰው ሳቀ።

«እኔ የሚሻለኝን አይደለም የገዛሁት፣ አባ። የተባልኩትን ነው» አለ ሙሀመድሰይድ።

ይርጋ በከብት መውጊያ ሲሪንጅ ዘይት ቀድቶ የአውሮፓውን አናት ሞላ። አራት ሲሪንጅ በቃው። ከተሸጠው መኪና ወደወጣው ፒስተን ዞረ። አባ ወልደ ገብርኤል ጮክ ብለው ቆጠሩ። አራት። አምስት። አልሞላም።

«ፒስተኑ ተበልቶ ነው!» ብሎ ጮኸ ገዛኸኝ።

«እስኪሞላ ይቀዳ» አሉ አባ ወልደ ገብርኤል።

ስድስት ሲሉ ገዛኸኝ ከጠረጴዛው ትልቁን መዶሻ አነሳ። የይርጋ ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። መዶሻው ሲያርፍባት እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ተንኮሻኮሸች። ደሙ በሽማግሌው ነጠላ ላይ ተረጨ። አራት ሰው ተረባርቦ ገዛኸኝን መሬት ላይ ጣለው፤ አንዱ አፉን በጫማ መታው። የሙሀመድሰይድ ዘመዶች ወደ ጠመንጃው ሮጡ፤ የገዛኸኝም ተከተሉ። ቃታ ሲሳብ ተሰማ።

«ቁሙ! ቆጠራው አላለቀም!»

የጮኸው ይርጋ ነው። የተጨፈለቀች እጁን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በግራው ሲሪንጁን አነሳ። ዘይት ቀድቶ ጨመረ።

«ሰባት» አለ። ዘይቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። «የአሜሪካ ነው።»

አባ ወልደ ገብርኤል በሩ ላይ ደርሰው በጠመንጃዎቹ መሃል ቆሙ። «ሁላችሁም አይታችኋል። መኪናው ይመለሳል። ከእንግዲህ የሚተኩስ እኔን ቀድሞ ይግደል።»

አንዱ ጠመንጃውን አስቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው።

ይርጋን በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። ሁለት ጣቱን ቆረጡት።