ከጡብ ጋር የበረደ ቴስታታ

ሐሙስ ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከዐማራት የተነሳሁት ለአንድ አጭር ጽሑፍ ነበር። ካርቱም የሚኖሩ ሐበሾች አሮጌ መኪና እስከ መቼ እየጠገኑ እንደሚነዱ ማየት ፈልጌ፣ ካላክላ ከሚኖሩት ከጋሽ በላቸው ጋር ተቀጣጥረናል። ጋሽ በላቸው ሐፍላ ይነዳሉ፤ የከተማውን ሚኒባስ እዚህ የሚጠሩት እንዲያ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሷ ነው።

ስደርስ ሐፍላዋ ደጃፍ ላይ አፏን ከፍታ ቆማለች። ቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገጠመው ከባድ ክዳን፣ ወርዶ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ጎኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ውሃ የሚያንጠባጥበው በዚያች ነው።

«ሁለቴ ተበየደ» አሉኝ ጋሽ በላቸው። «ሁለቴም ከብየዳው አጠገብ ተሰነጠቀ።»

«ሦስተኛው ቀብሩ ነው» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው። «አሁንም እምቢ ካለ ሰኞ ለኹርዳ ትሄዳለች። ገዢው ሰውዬ መጥቶ አይቷታል፤ አንተም ቃልህን ሰጥተሃል።»

ኹርዳ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ጋሽ በላቸው ቃላቸውን አልካዱም። ስንጥቋን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ።

ችግሩ የታወቀ ነው። ቴስታታው ጊዛ ከሚባለው፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት የተሠራ ነው። ጊዛ ደግሞ አንድ ጎኑ ሲግል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ይሰነጠቃል። ሙሉው እኩል መሞቅ፣ ከብየዳው በኋላም ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። በያጁ ኡስታ ከማል ከዚህ በፊት በከሰል ሞክሮ ነበር፤ እሳቱ አንዱን ጫፍ ሲያግል ሌላው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

መላውን ያመጡት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር ላሉት የጡብ ሠራተኞች ምሳ ይሸጣሉ።

«ጡብም እኮ ከምድጃ ቶሎ ካወጡት ይሰነጠቃል» አሉ። «ከሚናው ውስጥ ክተቱት። ያላ፣ ተነሱ፣ ራክሻ ጥሩልን!»

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጀሪፍ

ሦስታችንም ቴስታታውን እግራችን ሥር አድርገን በባለሦስት እግሯ ራክሻ ተጓዝን። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጋሽ በላቸው ጎንበስ ብለው ያቅፉታል። ከሚና ማለት ከራሱ ከጡቡ የተከመረ፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ምድጃ ነው። ባለቤቱ እሳቱ የጠፋና መብረድ የጀመረ አንድ ከሚና ሰጠን። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ለስደት መንገዳቸው ስንቅ የሚሠሩ የኛ አገር ጎረምሶች ናቸው።

«እትዬ ጥሩ፣ የዛሬ ምሳ ብረት ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ለአንተ ጥርስ የሚመጥን ይሄ ነው!»

ቴስታታው ከሚናው አፍ ውስጥ እኩል እስኪግል ቆየ። በስልክ ተጠርቶ የመጣው ኡስታ ከማል አውጥቶ በጋዝ እሳት በየደው፤ ሠራተኞቹ ሳይቀዘቅዝ መለሱት፤ የከሚናውም አፍ በጭቃ ተመረገ። ሰኞ ጡቡ ሲወጣ አብሮ ይወጣል ተባለ። ኡስታ ከማል «ኢንሻአላህ» ብሎ እጁን አራገፈ። እኛ ፉል በላን።

ዐርብ

ስመለስ ጋሽ በላቸው ብቻቸውን ከሚናው አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ጭቃው ላይ አሳርፈዋል።

«የበረደ ይመስለኛል» አሉኝ። «ትንሽ ብንከፍት...»

«እጅህን!» እትዬ ጥሩነሽ ድስታቸውን ይዘው ደረሱ። «ሊጥ ነው እንዴ የምትጎበኘው?» በርጩማቸውን አምጥተው የተመረገው አፍ ፊት ተቀመጡና ምሳ መሸጥ ጀመሩ።

ሐፍላዋ እንድትሸጥ የሚፈልጉት እርስዎ አይደሉም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ልጄ፣ ሳይሞከር ከተሸጠች ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ‹ምነው ባስበየድኳት› እያለ ያደነቁረኛል። ከሞተችም በወጉ ትሙት።»

ሰኞ

ጡቡ መውጣት ሲጀምር ጋሽ በላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወንዙን ያዩ ነበር። ቴስታታው ሲወጣ ኡስታ ከማል የውሃ መሄጃውን ቀዳዳዎች ደፍኖ ነጭ ጋዝ ሞላበት፤ ብየዳውን ከውጭ ጠመኔ ቀባው። ጋዙ ከሾለከ ጠመኔው ይረጥባል። ጎረምሶቹም ጡባቸውን ትተው ከበቡን። ቆየን። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«በላቸው፣ ዙር እንጂ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

ዞሩ። ጠመኔውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ፤ ደረቅ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ስልካቸውን አውጥተው የኹርዳውን ሰውዬ በዐረብኛ «ኻላስ፣ አትምጣ» አሉትና ወደ ባላቸው ዞሩ። «ከእንግዲህ የፊቱ ወንበር የኔ ነው። ድስቴን ይዤ በራክሻ አልንገላታም።»

የቴስታታው ፊት በማሽን ተስተካክሎ ሲገጠም ሁለት ቀን ሄደ። ወደ ዐማራት የመለሰችኝ ራሷ ሐፍላዋ ናት፤ እትዬ ጥሩነሽ ከፊት፣ ድስቱ ጭናቸው ላይ፣ እኔ ከኋላ። የሙቀት መለኪያው ቀስት መንገዱን ሁሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጋሽ በላቸው ግን ከመንገዱ ይልቅ እሱን ነበር የሚያዩት።

ቤቴ ገብቼ ሐሙስ ማታ የጀመርኩትን ጽሑፍ አወጣሁ። «ካላክላ ውስጥ አንዲት ሐፍላ ለቁርጥራጭ ልትሸጥ ነው» ብሎ ይጀምራል። በዚያን ሰዓት እውነት ነበር። ቀደድኩት። ከእንግዲህ ጡቡ ሳይወጣ አልጽፍም።