የቃሲም ሚዜ

ባሌ መሞቱን የሚናገረው ወረቀት የመጣልኝ፣ ባሌ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ ሲፍቅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ዐይኔን አላምን ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። «ለሰማዕት ቃሲም ሰይድ ባለቤት፣ ለወይዘሮ ዓፊያ ሁሴን» ይላል። አገር በጦር ሜዳ የዋሉ ልጆቿንና ቤተሰቦቻቸውን ልታመሰግን ስለሆነ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ከሚሴ ከተማ አዳራሽ እንድገኝ ተጠርቻለሁ።

«አንተ ሰው፣ ሞተሃል ይላል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «መቼ?» አለኝ።

እንዲህ ነው እሱ። ሰንበቴ ገበያ ፍየል እያሻሻጠ ስድስት ልጅ ያሳደገ ደላላ ነው። ገዢና ሻጭ ተኮራርፈው ሲለያዩ መሀል ገብቶ እጃቸውን ያጨባብጣል፤ ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለኛ በኦሮምኛ፣ ለደገኛው በአማርኛ ይምልለታል። ቤት ሲገባ ግን ምላሱን እዚያው ገበያ ትቶት ይመጣል። የሁለታችንንም ድርሻ የማወራው እኔ ነኝ። ወረቀቱ የማንን ሞት እንደሚያወራ ግን ሁለታችንም ገብቶናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠርጋችን ነው። ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ እኔ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ተዳርኩ። በኛ ዘንድ ሙሽራ ከጫጉላ አይወጣም። ውኃ ቢያምረው ሚዜው ያመጣለታል፣ ሰው ቢፈልገው ሚዜው ያነጋግርለታል፤ በዚያ ሰሞን የሙሽራ እግሩም አፉም ሚዜው ነው። የቃሲም ሚዜ ታናሽ ወንድሙ አብዱልሰመድ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ «ሙሽሪት፣ ወንድሜን እንዳታስርቢብኝ» እያለ ከመጋረጃው ወዲያ የሚያሾፍብኝ ልጅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ስም ይዟል። ደጅ ቆሞ «ቃሲም ሰይድ» ብሎ ተጣራ። ቃሲም ከጎኔ ሊነሣ ሲል፣ ከመጋረጃው ወዲያ «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማን። አብዱልሰመድ ነው።

ሊቀመንበሩ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል። ዝም አለ። የታዘዘው ቁጥር ከሞላለት ሌላው ምን ገዶት። አብዱልሰመድ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ሙሽራ አይወጣም። እኔ ምን ልሠራ ነው ሚዜ የሆንኩት?» አለና ሳቀ። ቃሲም ሊከተለው ሲል አባቱ በር ላይ ቆመው «ከወጣህ ሁለታችሁንም ነው የሚወስዷችሁ» አሉት። ተቀመጠ። አባቱ ብቻ አይደሉም ያስቀመጡት፤ እኔም እጁን ይዤው ነበር፤ ወላሂ አልለቀቅኩትም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዓመቱ መርዶው መጣ። ወታደር ቃሲም ሰይድ ሰሜን ላይ ተሰውቷል ይላል። በር ዘግተን ሰደቃ አወጣን፣ ሼሁም በአብዱልሰመድ ስም ዱዓ አደረጉለት። ቃሲም እንዳይያዝ ብሎ ከባቲ ወደ ታች ወርዶ ከአፋሮች ጋር ግመል ሲነዳ ኖረ፤ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። መታወቂያ የሰጠው አንዱ መንግሥት ነው፣ ሙታንን የመዘገበው ሌላው፤ ሁለቱን መዝገብ ያስተያየ ሰው አልነበረም። አብዱልሰመድ ግን መቃብር የለው፣ ወረቀት የለው። አረፋ በመጣ ቁጥር ቃሲም በጉን ከባረከ በኋላ ያቺኑ አንዲት ነገር ይላታል፦ «ሰው በተሰበሰበበት አንድ ጊዜ በስሙ ቢጠራልኝ።»

ስለዚህ ወረቀቱ በመጣ ማግስት ይዘነው ወደ ላከው ቢሮ ሄድን። የተቀበለችን ፋሪዳ የምትባል ወጣት ናት። «አከም ቡልተኒ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አለችን፤ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አልናትና ተቀመጥን።

«እኔ ቃሲም ሰይድ ነኝ» አላት።

ዝርዝሩን በጣቷ ወርዳ አገኘችው። «የሰማዕቱ ልጅ ነዎት?»

«አይ፣ እኔው ራሴ ነኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ ባለቤትዎ ተሰውተው የለም እንዴ?»

«ተሰውቷል፤ ይኸውልሽ» ብዬ ባሌን አሳየኋት። ከአፌ የወጣው ነገር ለራሴም አልገባኝም።

ከስር ከመሠረቱ ነገርናት። እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ጭንቅላቷን ያዘች። «እሺ፣ የሞቱት አብዱልሰመድ ናቸው። ግን የሞቱት ቃሲም ሆነው ነው። እርስዎ ደግሞ ቃሲም ነዎት፤ ግን አልሞቱም። ታዲያ አብዱልሰመድ የት አሉ?»

«እሱን ነው እኮ እኛም የምንጠይቀው» አላት ባሌ።

ደግ ልጅ ናት፤ አልሳቀችብንም። ዝርዝሩ ከላይ ተዘጋጅቶ እንደመጣ፣ የምስጋና ወረቀቱም ታትሞ እንዳለቀ፣ ስም ለማስተካከል ጉዳዩን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች እንደሚያስፈልጉ ነገረችን። አባቱ ሞተዋል፣ ሼሁ ሞተዋል፣ ሊቀመንበሩም ሞቷል። የቀረነው እኔና እሱ ነን፤ እሱ ደግሞ በወረቀቱ ሙት ነው። «አሁን ያለው መንገድ ሁለት ነው» አለች። «እናቴ እንደ ባለቤት ይቀበላሉ፤ ካልሆነም ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።»

«ከተሰረዘስ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ያኔ ማንም አልሞተም ማለት ነው» አለች።

ባጃጅ ላይ ሆነን ቃሲም ከገበያ ውጭ ሲያወራ ሰማሁት። «እኔ አለሁ ካልኩ እሱ አልሞተም ሊሉ ነው። ሞቻለሁ ካልኩ ደግሞ የሞተው እኔ ልሆን ነው። ስሜን ይዞ ሄደ፤ ሞቱንም በእኔ ስም ጻፉለት። እሺ የእሱ ምኑ ቀረ?»

«እኔን አትጠይቀኝ፤ ባል እንደሞተብኝ የሰማሁት ትናንት ነው» አልኩት። ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኛው ጉድ ግን ሠላሳ ስምንት መስከረም ቆይቶ ነው የመጣው። ደግሞም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቀውም። በሊቀመንበሩ ነው እንዳልል ሞቷል፤ በፋሪዳ ነው እንዳልል ያኔ አልተወለደችም። ፈልጌ ፈልጌ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ያችን እጁን ይዛ የነበረችውን ሙሽራ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ምን እንደምለብስ ራሱ ግራ ገባኝ። ለሟች ሚስት የሚሆን ልልበስ ወይስ ለምስጋና የሚሆን? ሣጥኔን ገልብጬ ሳበቃ ያው የየቀኑን ሻርፕ ጣል አደረግሁ። ብቅ ስል ቃሲም ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ ያየሁት የሠርጋችን ዕለት ነው።

«አንተ ደግሞ ወዴት? ሟች በራሱ ምስጋና ላይ አይገኝም» አልኩት።

«ሂጂ ዝም ብለሽ» አለኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት እግራቸውን ያጡ፣ ሜዳልያ የደረደሩ አዛውንቶች ተቀምጠዋል፤ እናቶችም ፎቶ ታቅፈው መጥተዋል። እኔ የምታቀፈው ፎቶ አልነበረኝም። አብዱልሰመድ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ስም አንባቢው በተጣራ ቁጥር ሰው እየወጣ ይቀበላል፣ ይጨበጨባል። ሳላውቀው የባሌን እጅ ይዣለሁ።

«ሰማዕት ቃሲም ሰይድ» አለ አንባቢው። «ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓፊያ።»

እኔ ልነሣ ስል እሱ ተነሣ። እጁ እጄ ውስጥ ነው። ያ የጫጉላ ቀን ትዝ አለኝና ለቀቅኩት።

መድረኩ ሥር ሄዶ ቆመ። አንባቢው ወረቀቱን አየ፣ እሱን አየ። «አባቴ፣ ለሰማዕቱ ምናቸው ነዎት?»

«ሚዜው ነኝ» አለ።

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ፊት የተቀመጡት አንድ አዛውንት ዞር ብለው ሲያዩ ሳቁ ቆመ።

«ወረቀቱን ለእሷ ስጧት» አለ ቃሲም። ገበያ መሀል የሚናገርበት ያ ድምፁ ነው። «እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። የሞተው ልጅ ስሙ አብዱልሰመድ ነው። አብዱልሰመድ ሰይድ። አንድ ጊዜ ብቻ በስሙ ጥሩልኝ።»

አንባቢው ወረቀቱን ገልብጦ ቢያይ ጀርባው ባዶ ነው። ፋሪዳ ከጥግ ተነሥታ መጥታ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው። እሱም ያላመነ ይመስላል፤ ግን ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አብዱልሰመድ ሰይድ» ብሎ ተጣራ።

አዳራሹ በሙሉ የሚነሣውን ሰው ይፈልግ ጀመር። እኔም፣ እኔ ዓፊያ፣ አላህ ይማረኝ፣ ዞሬ በሩን አየሁ።

«አቤት» አለ ባሌ።