አሮጌው ፓስወርድ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዋይፋያቸው ተሰብሮ ይገባበት እንደሆነ እንድፈትሽ ሲፈቅዱልኝ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም። ሙያውን የተማርኩት ታክሲ እየነዳሁ ነው፤ ይኼ ፈተና ከተሳካልኝ ሥራ ሲጠይቁኝ የማሳየው ነገር አገኘሁ ማለት ነው።

ቤቱን የከፈቱት ከታናሽ እህታቸው ጋር ነበር። ባለፈው ዓመት ተኳረፉና እህትየው ሰፈሩን ለቃ ሎንግ ቢች ከተማ ገባች። ሌላው ሰው ሲያኮርፍ በር ይዘጋል፤ እትዬ ፓስወርድ ቀየሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ስልክ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን፣ ከራውተሩ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ይቀዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የቃላት ክምር እያገላበጠ ፓስወርዱን ይገምታል። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰላምታ ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ክምሩን ጨርሶ አላገኘሁም አለ። እትዬ ፓስወርዳቸው ጠንካራ ስለሆነ ነው ብለው ኮሩ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ትክክለኛውን ጠይቄ ክምሩ ውስጥ ጨመርኩት። አሁንም የለም! ዓይኑ ሥር አስቀምጬለት! ገመድ ነቅዬ ሰካሁ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩን ሰደብኩ። ወይ ፍንክች።

ቀረጻውን አንድ በአንድ ሳየው ግን ገባኝ። ስልኩ ሰላም ብሏል፤ ራውተሩ አልመለሰለትም። ስልኩ የያዘው ሌላ ፓስወርድ ነው ማለት ነው። ከመቀየሩ በፊት የነበረው ይሆናል ብዬ የድሮውን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

እትዬ ፊታቸው ጠቆር አለ። የእናታቸው ስም እንደነበረ፣ ከእሳቸውና ከእህታቸው በቀር ማንም እንደማያውቀው ነገሩኝ። ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ወዲያው አገኘው።

እየጨፈርኩ ማለት ይቻላል፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ስልኩ የድሮውን ፓስወርድ ይዞ እየደጋገመ እንደሚሞክር፣ አሁንም እዚሁ ቅርብ እንደሆነ። የማወራው ስለ ማን እንደሆነ የገባኝ እትዬ ወደ መስኮቱ ሲሄዱ ነው። ከመንገዱ ማዶ ፓርክ ያደረገች መኪና ውስጥ እህታቸው መሪውን ይዛ ተቀምጣለች።

እትዬ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ወደ በሩ ሄዱና ዞር አሉ።

«ፓስወርዱን ወደ ድሮው መልስልኝ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ደካማ ነው። እናታችሁን የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።»

«ይሁን፣ አንተ መልሰው» ብለው ወጡ።

መለስኩት። እትዬ መንገዱን ተሻግረው ሳይጨርሱ ስልኩ እንደገና ሰላም አለ፤ አሁን ራውተሩ መለሰለት።