ቀረሮው ላይ የተሰቀለው ቀፎ

ልጄ ከማጃንግ አገር ከመቲ የመጣ ማር ከገበያ ገዝታ የጀሪካኑን ክዳን ስትከፍተው ጭስ ጭስ ሸተተኝ። በዚህ በጋምቤላ ቀትር፣ ባሮ ራሱ ላብ ላብ በሚለው ሙቀት፣ ብርድ ብርድ አለኝ። እርጥብ ቅጠል፣ የንብ ጩኸት፣ በቅርንጫፍ መሐል የሚንጠባጠብ የጠዋት ፀሐይ ባንድ ትንፋሽ ገቡብኝ። እንግዲህ ስማኝ፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚነግርህ የለም።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤተሰባችን ከደጋ መጥቶ ማጃንጎች አገር ጎደሬ ከሰፈረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ችግኝ ማፍላትም ማንም አላስተማረኝ። እንዲያም ሆኖ እንደ እኔ የሚያጸድቅ ባካባቢው አልነበረም። የደን ሠራተኛው ራሱ "አንተ ልጅ፣ እጅህ ላይ ምን አለ?" ይለኛል። "ዕውቀት" እለዋለሁ።

ከመንደራችን በላይ ያለው ጉብታ ተመንጥሮ አልቆ፣ ምንጩም በበጋ መድረቅ ጀምሮ ነበር። የቀረው አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ብቻ ነው። የማፈላውን ዘር በሙሉ ከሥሩ ነበር የምለቅመው። እሱ ከወደቀ ጉብታው መላጣውን ይቀራል።

የቀበሌው ሊቀመንበር በየስብሰባው ስለ ደን ይናገራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በማግስቱ ያው ያጨበጨበው ሰው ፍየሉን ጉብታው ላይ በተከልኩት ችግኝ ላይ ይለቃል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ቀን ደግሞ ሊቀመንበሩ ተነሣና፣ ስለ ደን የምንሰበሰብበት አዳራሽ መቀመጫ ስለሌለው ቀረሮው ተቆርጦ ሳንቃ ይሁን አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግራ ስለገባኝ እኔም አብሬ ሳላጨበጭብ አልቀረሁም።

አሁን ብልሃቴን ተመልከት። በማጃንጎች ዘንድ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ እሱን መቁረጥ የሰው ቤት ምሰሶ እንደ መንቀል ነው። ሰፋሪውም ይህን ተጣልቶ ተምሮታል። ስለዚህ ግንድ ፈልፍዬ ቀፎ ሠራሁ። መጋዙ በሚመጣበት ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ሐረግ ይዤ ቀረሮው ላይ ወጣሁና አሰርኩት። ንብ የለው፣ ሰም የለው፣ ባዶ።

ሰዎቹ መጋዝ ተሸክመው መጡ። ሊቀመንበሩ ቀና አለና "ይሄ ቀፎ የማነው?" አለ።

እዚህ ላይ ብልሃቴ ጎደለ። የእኔ ነው ብል "አንተ ማጃንግ አይደለህ፣ አውርደህ ውሰድ" ይለኛል። ያን ሁሉ ሳስብ ይህቺን አላሰብኳትም።

ከመንደራችን ወንዝ ማዶ የሚኖሩ አንድ ማጃንግ ሽማግሌ ፒፓቸውን ይዘው ከሰዉ መሐል ቆመው ነበር። የታወቁ ማር ቆራጭ ናቸው። ቀና ብለው ጠማማውን ቀፎዬን አዩት፤ አዩት፤ አሁንም አዩት።

"የእኔ ነው" አሉ። "ንብ ይመጣል።"

"መቼ ነው የሰቀሉት፣ አባባ?"

"አንተ ሳትመጣ።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩም ሳቁ አመለጠው፤ "በሉ፣ ሌላ እንጨት ፈልጉ" ብሎ ወረደ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ቀፎው የእኔ፣ ብልሃቱ የእኔ! በቀጭኑ መንገድ ሮጬ ደረስኩባቸው።

"አባባ፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። የእኛ ሰው እንዲህ ቀፎ አይሠራም። እዚህ ንብ አይገባም። ዶሮ ይገባል።"

"ታዲያ ለምን የእኔ ነው አሉ?"

ፒፓቸውን ድንጋይ ላይ መታ መታ አደረጉና ሄዱ።

ከክረምቱ በኋላ ቀና ብል ንብ ገብቶበታል። እንዴት እንደገባ አላውቅም። የታሰረበት ቋጠሮም የእኔ አልነበረም፤ እኔ እንዲያ አልቋጥርም። ማሩ በተቆረጠ ቀን ሽማግሌው ግማሹን በቅል አምጥተው ደጃችን ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ንቡን ፈርቶ ይሁን ሽማግሌውን አፍሮ፣ ፍየሉን ወደ ጉብታው መልቀቅ ተወ። ያን ሁሉ ጭብጨባ ያላደረገውን አንድ ጠማማ ቀፎ አደረገው። እንዴት? እኔን ብትጠይቀኝ የማላውቀው ነገር ይህ ብቻ ነው።

አምና ሄጄ አየሁት። ጉብታው በቀትር ጨለማ ነው፤ ምንጩም ይሰማል። ሁሉም የዚያ ቀረሮ ልጆች፣ ሁሉም በእጄ ያለፉ። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። ችግኝ ሊተክሉ የመጡ ወጣቶች ከቅርንጫፉ ላይ የቀረውን ብስባሽ ግንድ አይተው "አባባ፣ ያ የማን ቀፎ ነው?" አሉኝ።

ይህን ታሪክ ጋምቤላ ውስጥ ያላወራሁበት ቤት የለም። አፌን ከፈትኩ።

"የሽማግሌው ነው" አልኩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እኔም አልገባኝም።

ልጄም ያን የመቲ ማር በሳህን አድርጋ አቀረበችልኝ። "ግማሹን በቅል አስቀምጪ" አልኳት።

"ለማን?" አለችኝ።