ማግኔቱ ይለምዳል

ነገሩ የጀመረው ካቻምና የካቲት ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ታካሚ ካርድ እያወጣሁ ስለነበር ሰዓቱን በደንብ አስታውሳለሁ። ቀኑ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ልባቸው ሲሳሳቱ እያየሁ ዝም ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

የምሠራው ከአምቦ በሚኒባስ ብዙ በማታስኬድ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ክሊኒኮቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ወዲያው ትለዩናላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ካርድ ለመፈለግ ፊዚክስ አያስፈልግም፤ በዚያን ቀን ግን ያስፈልግ ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ከአዲስ አበባ ያስመጡት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የአሉሚኒየም በር አላቸው። ስለ በሩ ሲያወሩ ስለ ዳሩት ልጃቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። በበጋ ግን ከወንጪ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሩን እያነሳ ያላጋዋል። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛችን አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት አንድ ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አድርገው ያስደግፉታል። ድንጋዩ አንድም ቀን ሥራውን አጓድሎ አያውቅም።

ያን ጠዋት ኦቦ ገመቹ በታካሚዎች ፊት በድንጋዩ ተደናቀፉ። አልወደቁም፤ ግን አንዲት ሴትዮ ሳቀች።

«ይኼ ክሊኒክ ነው ወፍጮ ቤት? ወዲያ ጣሉት!» አሉ።

ድንጋዩ ቦይ ውስጥ ተጣለ። አንድ ሆቴል ውስጥ በር በማግኔት ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዳዩ ነገሩንና፣ የሚስታቸውን ወንድም አቶ ታደለን ማግኔት እንዲገዙ አምቦ ላኳቸው። አቶ ታደለ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ናቸው። ምን እንደሚያስተዳድሩ እስክለቅ ድረስ አልገባኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ማግኔት ይዘው መጡ። አንዱ ለበር ተብሎ የተሠራ ነው። ትንሽ ነው፤ በሩ ላይ ተመትቶ ማግኔቱ የሚይዘው ቁራጭ ብረት አብሮት አለው። ሌላው ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ጥቁር፣ ከባድ ነገር ነው። ምርጫው የተካሄደው የመድኃኒት ፍሪጅ ላይ ነበር። ትንሹን ለጥፈው ሳቡት፣ ተላቀቀ። ትልቁን ለጥፈው ሲስቡት ፍሪጁ ራሱ ተነቃነቀ።

«ይኼ ማግኔት አይደለም፣ በሬ ነው!» አሉ አቶ ታደለ።

ኦቦ ገመቹ በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሶቹም በሬውን አደነቁ። ፍሪጁ ብረት ነው። በሩ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አሉሚኒየም እንደማይዝ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አምስት እርምጃ ሄዶ በሩ ላይ መሞከር ይበቃ ነበር። አንድም ሰው አልሄደም።

«ኦቦ ገመቹ፣ በሩ ግን…» አልኩ።

«በሩ ምን ሆነ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ምንም» አልኩ።

ያቺ ቁራጭ ብረት «መለዋወጫ ናት» ተብላ ከትንሹ ማግኔት ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባች። በሬው ግድግዳው ላይ በብሎን ታሰረ። በሩን ወስደው ገጠሙት፣ ተመለሰባቸው። ደግመው ገጠሙት፣ አሁንም ተመለሰ።

አቶ ታደለ አልተደናገጡም። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ማግኔቱ ይለምዳል» አሉ።

«ኤዬ፣ ይለምዳል» አሉ ኦቦ ገመቹ። «አዴ ጫልቱ፣ እስኪለምድ ድረስ ያዢው።»

በሩን እንዲይዝ የተመረጠውን ዕቃ ሰው በሩን ይዞ እንዲያለማምደው ታዘዘ ማለት ነው። አዴ ጫልቱ ሥራቸውን ትተው በሩን በሁለት እጃቸው ግድግዳው ላይ ተጭነው ቆሙ። በአጠገባቸው ሳልፍ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ ነገር ጥጃ ነው እንዴ የሚለምደው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ዕድሜ ልኩን አይለምድም ማለት ስችል፣ ስቄ ካርዴን ይዤ ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ታደለ ወጥተው፣ «እስኪ ልቀቂው፤ አሁን ሳይለምድ አይቀርም» አሏቸው። በመስኮቴ በኩል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዴ ጫልቱ ለቀቁት። ለቀው ወደ ውስጥ ሊገቡ መቃኑን ያዝ እንዳደረጉ ነፋሱ መጣ።

«ያ ዋቃ! ቁባ ኮ!» ብለው ጮኹ። አምላኬ፣ ጣቴን ማለታቸው ነው። በሩ ሁለት ጣታቸውን መቃኑ ላይ ጨፍልቆት ነበር። የአንዱ ጥፍር ተነስቷል፤ ሌላው ወዲያው አበጠ። ነርሷ አስራላቸው ለራጅ ወደ አምቦ ተላኩ። ኦቦ ገመቹ በሩን እየዳሰሱ መስታወቱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ያዩ ነበር። ተሰንጥቋል።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ጠሩኝና ደብዳቤ እንድጽፍ ነገሩኝ። አዴ ጫልቱ «ማግኔቱ ሳይለምድ በግዴለሽነት በሩን በመልቀቃቸው» የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው፤ ሌላ ጥፋት ከተገኘ ይሰናበታሉ። አቶ ታደለ ከኦቦ ገመቹ ጎን ተቀምጠዋል።

«እኔ ልቀቂ አላልኩም» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ጠዋት አዘጋጅተሽ አምጪ፣ እፈርምበታለሁ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

«እሺ» አልኩ። ያን ቀን ጨርሼ የተናገርኩት ሁሉ «ምንም» እና «እሺ» ነው።

አሁንም ሁለቱን ሰዎች ሳስብ ያስቁኛል፤ በሳቅ ግን አላልፋቸውም። አንድ ነገር የማያውቁ ሰዎች በዓለም ሞልተዋል። አለማወቃቸውን በሌላ ሰው ጣት ላይ ሞክረው ጥፋቱን ለባለ ጣቷ የሚሰጡትን ግን እንቃለሁ። ራሴንም ከዚህ ንቀት አላስወጣም። እነሱ አያውቁም ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ማንም ሳይመጣ ገብቼ ደብዳቤውን ጻፍኩ። በአፌ መናገር ቢያቅተኝ መጻፍ አላቃተኝም። «በሩ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አሉሚኒየም አይዝም፣ አይለምድምም። በሩን እንዲይዙ ያዘዝናቸውም፣ እንዲለቁ ያዘዝናቸውም እኛ ነን። በአዴ ጫልቱ ላይ ለደረሰው ጉዳት ክሊኒኩ ይቅርታ ይጠይቃል» አልኩ። ከታች የኦቦ ገመቹን ስም አሰፈርኩ። ሦስት ቅጂ አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ቆሜ ጠበቅሁ።

እሳቸው ስልክ እያወሩ ነበር። ስልኩን በትከሻቸው ይዘው፣ አንድ መስመር ሳያነቡ ሦስቱም ላይ ፈርመው ማኅተም መቱበት። አንዱን ጣታቸው ታስሮ ለመጡት ለአዴ ጫልቱ ሰጠሁ። አንዱን ፋይላቸው ውስጥ አስገባሁ። ሦስተኛውን ታካሚ ሁሉ እንዲያነበው በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።